ከቤት አትውጡ በተባለበት ወቅት እናቶቻችንና ብቻቸውን ያሉ ወገኖች ቀኑን እንዴት ይግፉት?

ጥያቄ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ (ሚያዝያ 6 ቀን 2012)

ሰላም ለሁላችሁ። ሜሪላንድም ቨርጂኒያም በኮሮና ምክንያት ማርች 30 (2020) ከቤት አትውጡ ካሉ ወዲህ ስለ ጭንብልና መንግሥት ስለሚሰጠው የ1,200 ዶላር ድጎማ ብዙ ተጽፏል። ስለ ብቸኝነቱ ግን የጻፈ የለም። ታክሲና ኡበር አቁመው አንድ ክፍል ውስጥ ብቻቸውን የተቀመጡ ወንድሞች አሉ። አራስ ሊጠይቁ መጥተው መመለሻቸው የተላለፈባቸው እናቶች አሉ፤ ቋንቋውን አያውቁ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ተዘግቶባቸው፣ ልጆቻቸው ደግሞ ቤት ቢሆኑም ኮምፒውተር ላይ ናቸው። አይዞሽ ያልፋል ማለቱን ሁላችንም እንችላለን። በእጅ የሚሠራ፣ ነገ ጠዋት የሚጀመር ነገር የምታውቁ ወዲህ በሉ።

መልስ፣ ከአሌክሳንድርያ፣ ቨርጂኒያ

ብቸኝነቱ የሚብሰው ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ነው። በዚያ ሰዓት አዲስ አበባ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ስለሆነ የሚደወልለት ሰው የለም። ከማርች 8 የሰዓት ለውጥ ወዲህ ልዩነታችን 7 ሰዓት ነው። ስለዚህ አገር ቤት የሚደወለው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ይሁን፤ እዚያ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው፣ ሰው ገና አልተኛም፣ መስመሩም ከማታው ይሻላል። ማታ ማታ ወደ ምዕራብ ደውሉ። እኛ ጋ 3 ሰዓት ሲሆን ሲያትልና ሎስ አንጀለስ ገና 12 ሰዓት ነው፣ ራት እየቀረበ። እንቅልፍ እምቢ ያለው ደግሞ ሜልበርን ዘመድ ወይም አብሮ አደግ ካለው እሱን ይፈልግ፤ የኛ የምሽት 3 ሰዓት የነሱ የማግስት ረፋድ 5 ሰዓት ነው።

ከሁሉ በላይ ቀጠሮ ይኑር። «እደውላለሁ» ተብለው ያልተደወለላቸው እናት ቀኑን ሙሉ ስልኩን ሲያዩ ይውላሉ፤ ጭራሽ ቃል ባይገባላቸው ይሻል ነበር። ማን በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት እንደሚደውል በወረቀት በአማርኛ ጽፋችሁ ፍሪጁ ላይ ለጥፉላቸው። በቀን 5 ጥሪ አያስፈልግም፤ የማይቀር አንድ ጥሪ ይበቃል።

ሌላው፣ ጥሪው ሥራ ይኑረው። ወሬ በሦስተኛው ቀን ያልቃል። «ደህና ናችሁ?» «ደህና፣ ያው ቤት ነን» ተባብሎ ዝም መባባል ከዚያ በኋላ ይመጣል፣ ዝምታው ደግሞ ብቸኝነቱን ያብሰዋል። ትምህርት ቤት ከማርች 16 ጀምሮ ዝግ ስለሆነ ልጆቹም ቤት ናቸው፤ አያት ፊደል ያስቆጥሩ። 33 ረድፍ ነው፤ በቀን አንድ ረድፍ፣ ከ«ሀ» እስከ «ሆ»፣ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። በ33 ቀን ያልቃል፣ እሳቸውም በየቀኑ የሚጠብቃቸው ተማሪ ያገኛሉ።

መልስ፣ ከአትላንታ

ስልኩን ራሱን ካላስተካከላችሁ ቀጠሮው አይሠራም። እናቶች ጥሪ የሚያመልጣቸው ጣታቸው ስክሪኑ ላይ በደንብ ስለማይንሸራተት ነው፣ ተዘናግተው አይደለም። አይፎን ከሆነ፦ ሴቲንግስ፣ አክሰሲቢሊቲ፣ ተች፣ ኮል ኦዲዮ ራውቲንግ፣ ከዚያ ኦቶ አንሰር ኮልስ። የሰከንዱን ቁጥር 10 አድርጉት። በ10 ሰከንድ ውስጥ ራሱ ይነሳል። ፌስታይምም ላይ ይሠራል። ይህን ግን ነግራችኋቸውና ፈቅደው ብቻ አድርጉት፤ ለማንም ጥሪ ስለሚነሳ ጸሎት ላይ ወይም ልብስ ሲቀይሩ ሊሆን ይችላል።

አንድሮይድ ከሆነ ዋትስአፕ ውስጥ የልጁን ስም ተጭናችሁ ያዙና አድ ቻት ሾርትከት በሉ፤ ፎቶው በፊት ገጹ ላይ ይቀመጣል። ስሙን በአማርኛ ጻፉት። ከ4 ፎቶ በላይ አትደርድሩ፣ ሲበዛ ይምታታባቸዋል።

ለሕማማቱና ለትንሣኤ ሌሊት ስርጭቱን በስልክ አታስከፍቷቸው። መሀል ላይ ሰው ሲደውል ቅዳሴው ይቋረጥና መመለሻው ይጠፋል። ብዙ አጥቢያዎች በፌስቡክና በዩቱብ በቀጥታ ስለሚያስተላልፉ ቅዳሜ በቀን ቴሌቪዥኑ ላይ ከፍታችሁ ሞክሩት፤ ሊንኩ የሚጠፋው ሁልጊዜ ሰዓቱ ሲደርስ ነው።

መልስ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ቡናን አትርሱ። ቡና ብቻውን አይጠጣም የምንለው ነገር አሁን ብዙዎችን ጎድቷል፤ ጀበናውን መደርደሪያ ላይ ሰቅለው በከረጢት ሻይ የሚውሉ እናቶች አሉ። በስልክም ሊጠጣ ይችላል፣ ሥርዓቱን ከያዘ። ሁለት ወይም ሦስት ቤት በተመሳሳይ ሰዓት ይቁላ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ይቅዳ። ዙም በነጻው በ40 ደቂቃ ይቆርጣል። ቡናው ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ ጀበናው ከተጣደ በኋላ ክፈቱት፤ አቦልና ቶና በ40ው ውስጥ ይገባሉ። ሲቆርጥ ያንኑ ሊንክ እንደገና ከፍቶ በረካን መጠጣት ነው። ሊንኩን ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ፣ ሰዎች ገብተው ይረብሻሉ፤ ዌይቲንግ ሩም (ጠሪው ሳይፈቅድ ማንም እንዳይገባ የሚያደርገው) ይከፈት።

አፓርታማ ውስጥ ለሚቆላ፦ 50 ግራም ገደማ ብቻ፣ ወፍራም መጥበሻ፣ መካከለኛ እሳት፣ የምድጃው ማራገቢያ ከመጀመሩ በፊት ተከፍቶ፣ መስኮቱም እንዲሁ። የጭስ ጠቋሚው የሚጮኸው ጭሱ አንድ ላይ ሲነሳ ነው፣ ያም መጨረሻዎቹ 2 ደቂቃዎች ላይ ነው። ስለዚህ ሊጠቁር ሲል መጥበሻውን ከእሳት አንሱት፤ በራሱ ግለት ይጨርሳል። ጠቋሚውን ነቅላችሁ አታስቀምጡ። ሸክላ ጀበና በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ድንገት ከጋለ ይሰነጠቃል፤ ውሃ ሳይኖረው አይጣድ፣ ከዝቅተኛው ቁጥር ተጀምሮ ቀስ እየተባለ ይጨመር።

አሁን የምጽፈውን እባካችሁ ለእናቶቻችሁ በቃል ንገሯቸው። ከሰል ቤት ውስጥ አይቀጣጠልም። ለጀበናም፣ ለዕጣንም። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ የጭስ ጠቋሚ አያውቀውም፣ ሰው እንቅልፍ እንደያዘው ሆኖ ይሞታል። አገር ቤት በር ክፍት ነው፣ ጣሪያውና ግድግዳው ያስተነፍሳል፤ የዚህ አገር አፓርታማ ለብርድ ተብሎ የታሸገ ነው። መስኮት መክፈት አይበቃም። ዕጣን ካስፈለገ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማጨሻ አለ።

መልስ፣ ከዱባይ

ቤት ሠራተኛ ሆነው ላሉ እህቶችም አስቡ። ዕረፍት ቀናቸው ቀርቷል፣ አሠሪዎቻቸው ቀኑን ሙሉ ቤት ስለሆኑ ሥራው ጨምሯል፣ ስልክ የሚያዩት ሌሊት ነው። ኤሚሬትስ ውስጥ የዋትስአፕ ጥሪ ዝግ ነው፤ የድምፅ መልእክት ግን ይሄዳል። ስለዚህ «ለምን አታነሺም» አትበሏቸው። የ2 ወይም የ3 ደቂቃ ድምፅ ቀድታችሁ ላኩ፣ ሲመቻቸው ይሰሙታል፣ ደጋግመው ይሰሙታል። ቪዲዮ አትላኩ፣ ካርዳቸውን ይበላዋል። መልእክቱ ውስጥ ገንዘብ አትጠይቁ። የግቢውን ድምፅ፣ የልጆቻቸውን ድምፅ፣ እናት ሲመርቁ፣ ይህን ቅዱላቸው።

መልስ፣ ከሚኒያፖሊስ

ረመዳን በ10 ቀን ውስጥ ይገባል፣ መስጊዶች ግን ዝግ ናቸው፣ ተራዊህ (የረመዳን የሌሊት ሶላት) በየቤቱ ነው። በቪዲዮ አብረን እናፈጥር የምትሉ የመግሪብን (ጀምበር ስትገባ የሚሰገደውን ሶላት) ሰዓት አስቡ። ዋሽንግተን ዲሲ ያላችሁ ከኛ ከአንድ ሰዓት በላይ ቀድማችሁ ታፈጥራላችሁ። አንዱ እየበላ ሌላው የሚያይበት ጥሪ ደስ አይልም። በአንድ ከተማ ካሉት ጋር ለኢፍጣር፣ ከሩቆቹ ጋር ከተራዊህ በኋላ ለሻይ ብትቀጣጠሩ ይሻላል።

መልስ፣ ከዴንቨር

ለወንዶቹም ለአባቶችም ገበጣ። ሰሌዳ መግዛት አያስፈልግም፣ የ12 እንቁላል ካርቶን ይበቃል፤ ክዳኑን ቆርጣችሁ ለሁለት ክፈሉት፣ የተበላው ፍሬ ማስቀመጫ ይሆናል። በየጉድጓዱ 4 ሽምብራ፣ ጠቅላላ 48። ምስር አይሆንም፣ ከጣት ያመልጣል።

በስልክ ሲጫወቱ ሁለቱም ቤት አንድ ዓይነት ሰሌዳ ዘርግቶ የሁለቱንም ወገን ያንቀሳቅሳል። ጉድጓዶቹ ላይ በእስክሪብቶ ከ1 እስከ 6 ጻፉ፣ በየወገኑ ከተጫዋቹ ግራ ጀምሮ። የሚጫወተው ያነሳበትንም የጨረሰበትንም ይናገራል፦ «ከ4 አንስቼ አንተ ጋ 2 ላይ ጨረስኩ»። የሌላው እጅ 3 ላይ ከቆመ ስህተቱ እዚያው ይታወቃል። ገበጣ በየአገሩ ሕጉ ይለያያል፤ ወዴት እንደሚዞር፣ የመጨረሻዋ ፍሬ ባዶ ያልሆነ ጉድጓድ ላይ ስትወድቅ ይቀጠል ወይስ ይቁም የሚለውን ሳትጀምሩ ተስማሙ። ጎንደሬና ሐረሬ ሲገናኙ ይህን ሳይነጋገሩ ከጀመሩ ጨዋታው በክርክር ያልቃል። ሲመሽ ሰሌዳውን ፎቶ አንሱና ነገ ቀጥሉ። ያላለቀ ጨዋታ ካለ ሰው ለነገ የሚነሳበት ነገር አለው።

ጠያቂዋ፣ በድጋሚ

እግዜር ይስጥልኝ። ሱቆቹ ላይ እርሾም ዱቄትም ጠፍቷል፤ እናቶችን በእንጀራ ሥራ ማስያዝ ይቻል ይሆን? እስካሁን ከሱቅ የሚገዙ ናቸው።

መልስ፣ ከሲያትል

የጠፋው የዳቦ እርሾ ነው፣ ለእንጀራ እሱ አያስፈልግም። 4 ኩባያ የጤፍ ዱቄት (አይዳሆ የሚበቅለውም ይሆናል)፣ 4 ኩባያ ለብ ያለ ውሃ፣ ግማሽ ኩባያ እርሾ ከሌላ ሰው ቡኮ ላይ። እርሾ ከሌለ በራሱ ይነሳል፣ ግን ከ3 ቀን ይልቅ 5 ይፈጃል። አፓርታማው ከቀዘቀዘ ምድጃው ውስጥ እሳቱን ሳትከፍቱ መብራቱን ብቻ አብርታችሁ አስቀምጡት። በሦስተኛው ቀን ላዩ ላይ የቋረውን ውሃ ድፉ። ከሊጡ ግማሽ ኩባያ ከአንድ ተኩል ኩባያ ውሃ ጋር እሳት ላይ እያማሰላችሁ አብሲት ጣሉ፤ ለብ እስኪል ጠብቁ፣ ከዚያ መልሱት። ትኩሱን ከመለሱት እርሾው ይሞትና ዓይን የሌለው እንጀራ ይወጣል። አረፋ እስኪያወጣ አንድ ሁለት ሰዓት ቆይቶ ይጋገራል። ዓይን ካላወጣ ሁለተኛው ምክንያት ምጣዱ ሳይግል መፍሰሱ ነው።

ከሁሉም የሚጠቅመው እርሾውን ማካፈል ነው። በብልቃጥ አድርገው ጎረቤት በር ላይ ያስቀምጡ፣ 2 ሜትር ርቀው ይጠብቁ፣ ሰላም ይባባሉ። ክዳኑ ላላ ይበል፤ ከጠበቀ ጋዙ ገፍቶ ይፈነዳል።

መልስ፣ ከቦልቲሞር (ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ)

ከላይ የተባለው ሁሉ መሰላቸትን ያስታግሳል። ከመሰላቸት ያለፈውን ለይታችሁ እወቁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ካጡ ወይም ቀኑን ሁሉ ከተኙ፣ ምግብ ከቀነሱ፣ ጸሎታቸውን ካቋረጡ፣ «ሸክም ሆንኩባችሁ» ማለት ካበዙ፣ ይህ በገበጣ አይታከምም። እናቶቻችን «ጭንቀት» አይሉም፤ «ራሴን ያቃጥለኛል፣ ልቤ ይመታል፣ ወገቤን» ይላሉ። የአደጋ ጊዜ የስሜት ድጋፍ መስመር 1-800-985-5990 ነው፣ ሌት ተቀን ይሠራል፣ ነጻ ነው። ሲነሳ «አምሃሪክ፣ ኢንተርፕሪተር ፕሊስ» ብሎ መጠበቅ ነው፤ አስተርጓሚው እስኪመጣ ዝም ስለሚል ብዙ ሰው ተቋረጠ ብሎ ይዘጋዋል፣ አትዝጉ።

ለእግር ጉዞ መውጣት አልተከለከለም። በቀን ግማሽ ሰዓት፣ በተቻለ በጠዋቱ ብርሃን፣ ያ እንቅልፍን ያስተካክላል። ዜናም በቀን ሁለት ጊዜ ይብቃ፣ ከመኝታ በፊት አይሁን።

መመለሻ የተላለፈባቸው እናቶች ጭንቀት ግማሹ ቪዛው ነው። አይ-94 (እስከ መቼ መቆየት እንደሚችሉ የሚያሳየው የመግቢያ መዝገብ) ላይ ያለው ቀን ሳያልፍ አይ-539 ቅጽ (የመቆያ ማራዘሚያ ማመልከቻ) መግባት አለበት። ቅጹ መግባቱን አሳዩአቸው፣ ወረቀቱን በእጃቸው ይያዙት።

ጥያቄ፣ ከፌርፋክስ

የገበጣው ወንድም፣ ትናንት ጀምረን እኔ ጋ 48፣ አጎቴ ጋ 47 ሆነ። ማን ይታመን?

መልስ፣ ከዴንቨር

48 የያዘው ሰሌዳ ይታመናል፣ 47ቱ ጋ አንዷ ወድቃለች ወይም ካርቶኑ ሥር ገብታለች። አጎትዎ ባላቸው ላይ አንድ ፍሬ ይጨምሩና እያንዳንዱን ጉድጓድ ከእርስዎ ጋር በስልክ ይቁጠሩ፣ ከ1 ጀምሮ፣ የእርስዎን ወገን አስቀድመው። ከዛሬ ጀምሮ በየ5 ተራው የተበላውንም ደምራችሁ ቁጠሩ። ካርቶኑ ሥር ነጭ ፎጣ ቢነጠፍ የወደቀችው ወዲያው ትታያለች።