«ያዘ»ን ለልጆች እንዴት ላስረዳ?

ሰላም ወገኖች። እንጅባራ ውስጥ አፋቸውን በአዊኛ ለፈቱ የ4ኛ ክፍል ልጆች አማርኛ አስተምራለሁ። «ያዘ» በሚለው ቃል ተቸግሬያለሁና እባካችሁ አግዙኝ።

ትናንት ጠመኔ አንስቼ «ያዝኩ» ስል ሁሉም ገባቸው። ቀጥዬ «ጉንፋን ያዘው»፣ «እንቅልፍ ያዘኝ»፣ «ቀጠሮ ያዙ»፣ «ጀሪካኑ 20 ሊትር ይይዛል»፣ «ስልኩ ተይዟል» ብዬ ጻፍኩ። አንዲት ልጅ ጠመኔውን እያየች «ቲቸር፣ ጉንፋን እጅ አለው እንዴ?» አለችኝ። ጥያቄዋ ልክ ነው። መልስ ግን አጣሁ፤ ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው አደርኩ።

«ገና» እና «አለ» ይሻላሉ። ፊደሉ ባያሳይም ሲጠብቅና ሲላላ ጆሯቸው ይለየዋል፦ «ገና» ላልቶ «ገና አልመጣም»፣ ጠብቆ በዓሉ። «ያዘ» ግን ድምፁ ሳይለወጥ ነው ትርጉሙ የሚለዋወጠው። የእኛ ጎጃም የዋሸራ፣ የታወቀው የቅኔ ትምህርት ቤት፣ አገር ነው፤ ሁለት ትርጉም ባዘለ በአንድ ቃል (በኅብረ ቃል) ሰምና ወርቅ የሚፈታ ሰው አይጠፋባትም ብዬ ነው የምጠይቀው።

የትኛውን ፍቺ ላስቀድም? በአዊኛ አቻውን እየሰጠሁ ልሂድ ወይስ በአማርኛ ዓረፍተ ነገር ብቻ? ዳንግላም ሆነ ቻግኒ ያስተማራችሁ፣ የሠራላችሁን ንገሩኝ። ሰኞ ክፍል እገባለሁ።