የኮምፒውተር ጥገና ማህበራችን፦ ለትምህርት ቤቶች የሚገባው የጋራ ፕሮፖዛል (የቻት ቡድን፣ አባላቱ በሱቃቸው ሰፈር የተጠሩ፤ አስተያየት እስከ ሐሙስ ማታ ብቻ)

ሰኞ

ፀሐፊዋ፦
ለክፍለ ከተማው ትምህርት ቤቶች የምናስገባው የጥገና ፕሮፖዛል ረቂቅ ከላይ አለ። ሐሳቡ ጉባኤ ላይ የተባለው ነው፣ ሁላችንም የምንሠራበት አንድ የምርመራ ቅጽ፣ አንድ የምርመራ ዋጋ 300 ብር፣ እና ባለቤቱ ሳይፈርም ፎርማት የለም። ፖስታው ዓርብ ስምንት ሰዓት ይዘጋል። ቅጹ ላይ የሚገቡትን ብልሽቶች ከየሱቃችሁ ጻፉልኝ። 4ኛው ገጽ ላይ ያለው ከጥገና በኋላ ኬዙ ላይ የሚለጠፈው ስቲከር ነው።

መርካቶ፦
ስቲከሩ ላይ ያለው ስልክ የማነው

ፀሐፊዋ፦
የማህበሩ።

መርካቶ፦
የማህበሩን ስልክ የሚያነሳው ማነው

መገናኛ፦
ስቲከሩን ተዉትና ወደ ቅጹ እንግባ። እኔ 1ኛ ላይ የማስገባው ዲስክ 100% የሚለውን ነው። ታስክ ማናጀር ስትከፍተው ሲፒዩው 5 ላይ ተኝቷል ራሙ ግማሽ ነው ዲስኩ ግን 100 ላይ ተሰክቶ ቀርቷል፣ ባለሙያ ነኝ ባዩ ራም ይሸጥለትና ይልከዋል ማሽኑ ያው ነው። ዊንዶውስ 10 ላይ አፕዴቱም ፀረ ቫይረሱ ዲፌንደሩም ፕሮግራም ቀድሞ የሚያዘጋጀው ሲስሜይኑም ያንኑ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ነው በአንዴ የሚጠይቁት፣ እንዴት ይቻለው። ፎርማት ብታደርገው ለጊዜው ይሮጥልሃል አፕዴቱ ሲመለስ እሱም ይመለሳል። መጀመሪያ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ፕሮግራም የዲስኩን ጤንነት እዩ፣ ቢጫ ወይ ቀይ ካሳየ ምንም ሳትነኩ ፋይል አውጡ፣ ቼክ ዲስክ ምናምን እያላችሁ የሚሞተውን ዲስክ አታስሩጡት።

የቀድሞ ፒያሳ፦
ልጆች ፎንቱን አትርሱ። ሲ ድራይቭ ሲጠፋ ዴስክቶፑም ዶክመንትሱም አብሮ እንደሚሄድ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ እኔ የምለው ግን ፋይሉን በደንብ ኮፒ አድርጋችሁም ስለሚመጣው ጣጣ ነው። የትምህርት ቤት ጸሐፊዎች የስንት ዓመት ደብዳቤ በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ ነው የጻፉት። ያ ዩኒኮድ (ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር የሚሰጠው የጋራ ኮድ) አይደለም፣ ፋይሉ ውስጥ ያለው የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ነው፣ አማርኛ አድርጎ የሚያሳየው ፎንቱ ነው። ፎንቱን ሳታስቀምጡ ዊንዶውስ ከቀየራችሁ ደብዳቤው ሲከፈት የቅንፍና የሰረዝ ክምር ይሆናል፣ ሰውየው ቫይረስ በላብኝ ይላል፣ አንዳንዶቻችሁም አዎ ቫይረስ ነው ብላችሁ ትቀበሉታላችሁ። ከፎርማት በፊት ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ያለውን ፎንትስ ሙሉውን ኮፒ አድርጉ። ኢብሪማ የሚባለው የአማርኛ ፎንት ከዊንዶውስ ጋር ይመጣል ብላችሁ አትመኩ፣ እሱ ዩኒኮዱን እንጂ ያንን አያነበውም።

ሳሪስ፦
ጋሼ ይሄማ መግባት አለበት። ቅጹን እኔ በኤክሴል አሳምሬ ነገ ማታ እልካለሁ፣ እናንተ ብልሽት ብልሽቱን ብቻ ጻፉ

መርካቶ፦
ጥያቄዬ አልተመለሰም

ሜክሲኮ፦
ስልኩን ፀሐፊዋ እንደምታነሳው እያወቅክ ምን ትጠይቃለህ

መርካቶ፦
እያወቅኩማ ነው የምጠይቀው። እኔ ሄጄ እጠግናለሁ፣ ስቲከሩን በገዛ እጄ እለጥፋለሁ፣ ከሦስት ወር በኋላ ፕሪንተሩ እምቢ ሲል ኬዙ ላይ ባለው ቁጥር ይደወላል፣ ስልኩ ቄራ ፀሐፊዋ ሱቅ ይጮሃል፣ ከቄራ ልጅ ይላካል። የማተሚያ ቤቱ ሥራ ጊዜም ያየነው ይሄንኑ ነው

ፀሐፊዋ፦
የማተሚያ ቤቱ ጉዳይ በኮሚቴ ታይቶ ተዘግቷል።

መርካቶ፦
ኮሚቴው ውስጥ ማን ማን ነበር

ፀሐፊዋ፦
ቃለ ጉባኤው አለ ገልብጠህ አንብብ።

ማክሰኞ

ሜክሲኮ፦
ፕሪንተር ካነሳን አይቀር፣ ቢሮ ውስጥ ሼር የተደረገ ፕሪንተር መጨረሻው 11ቢ የሆነ ኤረር ሲያመጣ ድራይቨር እያራገፋችሁ አትጫኑ። እሱ በፈረንጆቹ 2021 መስከረም ላይ ከወጣው አፕዴት ጋር የመጣ ነው፣ ፕሪንተሩ የተሰካበትና የሚያትመው ማሽን አንዱ አፕዴት ሆኖ አንዱ ካልሆነ አይግባቡም። ሁለቱንም አፕዴት አድርጉ። ሬጂስትሪ (የዊንዶውስ ቅንብር ማስቀመጫ) ገብቶ ማረጋገጫውን ዜሮ ማድረግ ይሠራል ግን የደህንነት በሩን ነው የከፈታችሁት፣ ለዛውም ተማሪ በሚነካው ኔትወርክ። ሌላ፣ ሰዓቱ ወደኋላ የሚመለስ ማሽን። መብራት ሄዶ ሲመጣ ዓመቱ 2015 ይላል፣ ብራውዘሩ ሁሉንም ገጽ አስተማማኝ አይደለም ብሎ ይዘጋል፣ ኢንተርኔት ተበላሸ ተብሎ ኬብል ሲቀየር ይዋላል። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው 2032 ባትሪ ናት፣ አለቀ።

አዲሱ አባል፦
ላፕቶፕ ከሆነ ባዮስ ከመንካታችሁ በፊት ዲስኩን በቁልፍ የሚዘጋው ቢትሎከር መኖሩን እዩ። አዲሱ ዊንዶውስ 11 በማይክሮሶፍት አካውንት ሲጫን ሳይጠይቅ ራሱ ይቆልፋል፣ ከዛ 48 ዲጂት ቁልፍ አምጣ ሲል ባለቤቱ የትኛው ኢሜይል ላይ እንዳለ አያውቅም። ስለ ስቲከሩ ደግሞ ኪውአር ኮድ ብናደርግስ? ዘመናዊ ነው

ሜክሲኮ፦
ኪውአሩ ሲነበብ የማን ስልክ ነው የሚወጣው

አዲሱ አባል፦
እሺ ተውኩት

መገናኛ፦
እያንዳንዱ የጠገነ ሰው የራሱን ስልክ በእስክሪብቶ ይጻፍበታ፣ ምን ያጨቃጭቃል

ፀሐፊዋ፦
ማህበሩ ነው ውል የሚፈርመው። ዕቃው ቢጠፋ፣ ማሽኑ ቢቃጠል የሚጠየቀው ማህበሩ ነው። ኬዙ ላይ የግል ስልክ ከተጻፈ ሥራው የግል ነው ማለት ነው፣ ታዲያ ማህበር ምን ያደርጋል።

መርካቶ፦
እኛም እሱን ነው የምንለው፣ ምን ያደርጋል

የቀድሞ ፒያሳ፦
እኔ ፒያሳ ከፈረሰ ወዲህ ሱቅ የለኝም፣ ደንበኛ የሚያገኘኝ በስልክ ብቻ ነው። ስልኬ ካልተጻፈ ማን ያውቀኛል። ለልጂቱ ጥላቻ የለኝም፣ ነገሩን ነው የምናገረው።

መገናኛ፦
ጋሼ የእርስዎ ይገባኛል። የመርካቶው ግን አይገባኝም። በሩ ላይ ፎርማት 100 ብር ብሎ ለጥፎ 300 ብር ምርመራ ላይ እጁን ያወጣ ሰው ስለ ደንበኛ መነጠቅ ሊያወራ አይችልም። ዋጋውን የሰበርከው አንተ ነህ!

መርካቶ፦
ያ ጽሑፍ የድሮ ነው። አንተ ደግሞ ራም አያስፈልገውም እያልክ እዚህ ትሰብካለህ ሱቅህ ውስጥ ግን

መርካቶ፦
ተወው

መርካቶ ቡድኑን ለቋል

ሜክሲኮ፦
ወይ ጉድ

ሒሳብ ያዥ፦
የመርካቶው እኮ የትምህርት ቤቶቹን ግዥ ክፍል የሚያውቅልን እሱ ብቻ ነው። እናንተ ትሳደባላችሁ እኔ ለምኜ አመጣለሁ።

ሒሳብ ያዥ መርካቶን አስገብቷል

መርካቶ፦
ለሒሳብ ያዥ ስል ነው

ረቡዕ

ፀሐፊዋ፦
ሳሪስ ቅጹ የታለ? ትናንት ማታ ነበር ያልከው።

መገናኛ፦
መብራት የለም ይሆናል ሰፈራቸው

አዲሱ አባል፦
ኦንላይን ይላል እኮ

ሜክሲኮ፦
ዋናውን ነገር ማንም አላነሳውም። ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 4 ቀን 2018 ድጋፉ ቆሟል። ትምህርት ቤቶቹ ውስጥ ያሉት ዴስክቶፖች አብዛኞቹ ሲፒዩአቸው 4ኛ ትውልድ ኮር አይ3 ነው፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በደንቡ ኢንቴል ከሆነ ከ8ኛ ትውልድ ወዲህ ነው፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደህንነት ቺፕም ይፈልጋል። ሩፈስ በሚባለው ፕሮግራም ቼኩን ዘልለህ ትጭነዋለህ፣ ግን ማይክሮሶፍት ለእንደዚህ ዓይነቱ ማሽን አፕዴት አረጋግጥላችኋለሁ አይልም። ፕሮፖዛሉ ላይ ‹ወደ ዊንዶውስ 11 እናሳድጋለን› የሚል መስመር አየሁ፣ ማነው የጻፈው? በኋላ ይዞን ይመጣል

ፀሐፊዋ፦
ካለፈው ዓመት ፕሮፖዛል ላይ የተገለበጠ ነው፣ ይውጣ።

አዲሱ አባል፦
ለዊንዶውስ 10 የሚሸጥ የተራዘመ አፕዴት አለ እኮ፣ ለትምህርት ተቋም የመጀመሪያው ዓመት በማሽን 1 ዶላር ነው፣ ሁለተኛው 2፣ ሦስተኛው 4። ለግል ተጠቃሚ እንኳን እስከ ፈረንጆቹ ጥቅምት 2026 አለ። እሱን ብንጽፍ ርካሽ ነው

ሜክሲኮ፦
ወንድሜ ማሽኖቹ ላይ ያለው ዊንዶውስ በምን እንደነቃ ታውቃለህ? በክራክ፣ ላይሰንሱን በሚሰብር ፕሮግራም። መጀመሪያ ሕጋዊ ላይሰንስ ሲኖርህ ነው ማራዘሚያ የምትገዛው። ክራኩን ለመጫን ዲፌንደር ጠፍቷል፣ ዲፌንደር ስለጠፋ ፍላሽ ውስጥ ያለው ፋይል ሁሉ ሾርትከት ሆኗል፣ ከዛ ፋይሌ ጠፋ ይላሉ። ፋይሉ አልጠፋም ተደብቆ ነው፣ በአትሪብ ትእዛዝ ይወጣል። ማሽኑን ሳያጸዱ ፍላሹን ብቻ ማጽዳት ግን ከንቱ ድካም ነው። ይሄንን የት ነው የምንጽፈው

ፀሐፊዋ፦
ቅጹ ላይ። ቅጹ ደግሞ ሳሪስ ጋ ነው።

መርካቶ፦
ስለ ክራክ ፕሮፖዛል ላይ ከተጻፈ ግዥ ክፍሉ ፖስታውን አይከፍተውም፣ እኔ አውቃቸዋለሁ። እነሱን ነው የምትከሱት

ሜክሲኮ፦
ታዲያ ውሸት እንጻፍ?

መርካቶ፦
አትጻፍ ነው ያልኩት

ሒሳብ ያዥ፦
እኔ አንድ ነገር ልበል። ከመገናኛው ጀምሮ የጻፋችሁትን ስቆጥር ግማሹ ብልሽት መጨረሻው ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ፣ በማይሽከረከረው ፈጣን ዲስክ መቀየር ነው። ለየብቻ እየገዛን ነው የምንከስረው፣ ከሐምሌ 2016 የዶላሩ ነገር ወዲህ ዛሬ የተባለው ዋጋ ነገ የለም። ገንዘብ አዋጥተን በጅምላ አብረን ብንገዛ እኮ የምርመራ ብር ላይ አንጨቃጨቅም። ትርፉ እዛ ነው።

መገናኛ፦
ይሄ ሐሳብ ነው!!

መርካቶ፦
በዚህ ላይ ከሒሳብ ያዥ ጋር ነኝ። የማውቀው አስመጪ አለ

የቀድሞ ፒያሳ፦
እኔም አዋጣለሁ። ብቻ ሐሰተኛ ዕቃ እንዳይገባ፣ ላዩ 512 ጂቢ ተብሎ ውስጡ ሌላ የሆነ ስንቱን አይተናል። ጥቂቱን ወስደን እስኪሞላ ጽፈንበት መልሰን አንብበን ነው መግዛት።

ፀሐፊዋ፦
ጥሩ ነው ግን የተነሳንበት ኤስኤስዲ ለመሸጥ አይደለም። የተነሳነው ያለ ፊርማ ፎርማት እንዲቀርና ዋጋ እንዳንሰባበር ነው። የዚያች መምህርት የመመረቂያ ጽሑፍ የጠፋው እዚህ መካከላችን ባለ ሰው እጅ ነው፣ ማን እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ለጥቂት ሰዓት የጻፈ የለም

መገናኛ፦
እሱማ ትክክል ነሽ። ሁለቱም ይግባ

ሐሙስ

ፀሐፊዋ፦
ስቲከሩን ማተሚያ ቤት መላክ አለብኝ። የመጨረሻ ቃላችሁን ስጡኝ።

ሜክሲኮ፦
ሁለት ስልክ አድርጉበት፣ የማህበሩና የጠጋኙ

መርካቶ፦
የትኛው ከላይ ነው

ሜክሲኮ፦
ኧረ በፈጠረህ!

መርካቶ፦
ሰው ከላይ ያለውን ነው የሚደውለው፣ ሞኝ አይደለሁም

መገናኛ፦
ጎን ለጎን ይሁን

ፀሐፊዋ፦
ስቲከሩ አምስት ሳንቲ ሜትር ነው፣ ጎን ለጎን ከሆነ ቁጥሩ አይነበብም።

የቀድሞ ፒያሳ፦
ለኔ ዓይን ከላይም ቢሆን አይነበብም።

አዲሱ አባል፦
ስልክ ባይኖረውስ? አርማ ብቻ

መርካቶ፦
እስማማለሁ

ሜክሲኮ፦
ስልክ የሌለው ስቲከር ለምን ይለጠፋል

መርካቶ፦
እንዳይከፈት። ማኅተም ነው በለው

ፀሐፊዋ፦
በቃ አርማ ብቻ። ሳሪስ ለመጨረሻ ጊዜ፣ ቅጹ?

ሒሳብ ያዥ፦
ደወልኩለት፣ ለቅሶ ሄጃለሁ ብሎ ዘጋው። እሱ የሚልከው አይመስለኝም።

መገናኛ፦
የጻፍነውን ከዚህ ከቻቱ ኮፒ አድርጊው እንደነበረ

ፀሐፊዋ፦
ከዚህ? ‹ኧረ በፈጠረህ› የሚለውንም ጨምሬ?

ዓርብ

ፀሐፊዋ፦
ሰባት ተኩል ላይ አስገብቻለሁ። የገባው ይሄ ነው፦ ርእሱ ‹የኤስኤስዲ አቅርቦትና ገጠማ› ሆኗል፣ መርካቶ ግዥ ክፍሉን አናግሮ ጥገና የሚል በጀት ዘንድሮ የላቸውም፣ የዕቃ በጀት ነው ያላቸው ስላሉት። ቅጹ የለም፣ በአንድ አንቀጽ ‹ከገጠማ በፊት መረጃና ፎንት ይቀመጣል› የሚል ገብቷል። የምርመራ 300 ብሩ ወጥቷል፣ ዕቃ ለሚገዛን ምርመራ ነፃ ነው ብለናል። የፊርማው ነገር ለሚቀጥለው ጉባኤ።

ሜክሲኮ፦
ነፃ?? 300 ብሩ አልነበር እንዴ ሁሉ ነገሩ

ሒሳብ ያዥ፦
ከዕቃው ላይ ይወጣል። ቀድሞ ብር ያስገባ ቀድሞ ይወስዳል፣ እስካሁን መርካቶና ጋሼ ብቻ ናችሁ ያስገባችሁት።

መገናኛ፦
ዋጋው ስለረከሰ ብላችሁ ኤንቪኤምኢ (ማዘርቦርዱ ላይ በቀጥታ የሚሰካውን ኤስኤስዲ) እንዳታመጡ! 4ኛ ትውልዶቹ ላይ ማስገቢያው የለም። የሚገባው በኬብል የሚሰካው ሳታ 2.5 ኢንች ነው፣ 256 ጂቢው ይበቃል

መርካቶ፦
አስመጪው ሳታ ጨርሷል፣ ኤንቪኤምኢ ነው ያለው እኔ ብር ከፍያለሁ

መገናኛ፦
ስንት ፍሬ ነው የከፈልከው

መርካቶ፦
የተዋጣውን በሙሉ

ሒሳብ ያዥ፦
ቆይ፣ ማን ፈቀደልህ? ደረሰኙን አሁኑኑ በግል ላክልኝ፣ እዚህ አትለጥፈው።