ባለቤቴ ድሩመንድ ነው፤ አባቱ ግን «እኛ ማክግሪጎር ነን» ይላሉ

ጥያቄ
እመ ልጆች (ግላስጎው)

ሰላም ለሁላችሁ። ባለቤቴ የስኮትላንድ ሰው ነው፤ የቤተሰብ ስሙ ድሩመንድ ነው፤ ልጆቻችንም በዚሁ ስም ይጠራሉ። አማቼ ግን ልጆቹን ባገኙ ቁጥር «እኛ ድሩመንድ የሆንነው ተገደን ነው፤ የጥንት ስማችን ማክግሪጎር ነው፤ ንጉሥ ስለ ከለከለው ቀየርነው» ይሏቸዋል። እርሳቸው ከአባታቸው ሰሙ፤ አባታቸውም ከአባታቸው። አሁን ዕድሜያቸው እየገፋ ሲሄድ የማክግሪጎር ጎሳ ማኅበር አባል መሆን ፈልገዋል። ኮምፒውተር ስለማይነኩ ሥራው በእኔ ላይ ወድቋል። ባለቤቴ ይስቃል እንጂ አይረዳም።

የምጠይቀው ይህን ነው። ስማቸው ድሩመንድ ሆኖ ሳለ የማክግሪጎር ማኅበር ይቀበላቸዋል ወይ? ምን ማስረጃ ይጠየቃል? እኔና ልጆቹስ እንገባለን? በእጃችን ያለው የአማቼ አባት የልደት ምስክር ወረቀትና ፐርዝሻየር ውስጥ ክሪፍ አጠገብ ያለ የአንድ መቃብር ፎቶግራፍ ብቻ ነው። በድንጋዩ ላይ ባልየው ድሩመንድ ተብሎ ሚስትየዋ በሌላ ስም ተጽፋለች። ይህም ግራ አጋብቶኛል። አልተጋቡም ነበር ማለት ነው?

መልስ
የመዝገብ ቤቱ ሰው (ኤድንበራ)

እህቴ፣ አማትሽ የሚሉት ለእነርሱ ቤተሰብ እውነት ይሁን አይሁን ገና አናውቅም፤ ስም መከልከሉ ግን የተመዘገበ ታሪክ ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በየካቲት 1603 ማክግሪጎሮች ግሌን ፍሩን በተባለ ሸለቆ ከኮሁን ጎሳ ጋር ተዋግተው ብዙ ሰው ገደሉ። ንጉሥ ጄምስ 6ኛ ተቆጣ፤ በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ማክግሪጎር የሚለው ስም በሞት ቅጣት ተከለከለ። የጎሳው አለቃ አላስዴር በጥር 1604 ኤድንበራ ላይ ተሰቀለ። እገዳው በ1661 ተነሣ፣ በ1693 ተመለሰ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የተሻረው በ1774 ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ሰዎቹ ካምቤል፣ መሪ፣ ግራንት፣ ስቱዋርት፣ ድሩመንድም እየተባሉ ኖሩ። ስመ ጥሩው የማክግሪጎር ሰው ሮብ ሮይ እንኳ በእናቱ ወገን ስም ካምቤል ይባል ነበር፤ ልጁ ጄምስ ደግሞ ድሩመንድ።

ይህን ስትሰሚ ቶሎ ደስ እንዳይልሽ። ድሩመንድ ራሱን የቻለ፣ አለቃም ማኅበርም ያለው የፐርዝሻየር ጥንታዊ ስም ነው። በዚያ አገር ያለ ድሩመንድ አብዛኛው ድሩመንድ ብቻ ነው። የታገደ ስም ታሪክ ደግሞ ለጆሮ ይጥማል፤ የማይገባቸውም ይወርሱታል።

ስለ መቃብሩ አትጨነቂ። ስኮትላንድ ውስጥ ያገባች ሴት በመዝገብም በመቃብር ድንጋይም በአባቷ ቤት ስም መጻፏ የቆየ ልማድ ነው። እኛ አገር ሚስት በባሏ ስም እንደማትጠራ አስቢው። ይልቅ ያ ስም ለአንቺ ትልቅ ሀብት ነው፤ በጥንቃቄ ገልብጪው።

ወደ ማኅበሩ ከመሄድሽ በፊት ስኮትላንድስ ፒፕል በተባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ተመዝገቢ። ስም መፈለጉ በነፃ ነው፤ የመዝገቡን ምስል ለመክፈት ግን አነስተኛ ሂሳብ ይቆረጣል። አንቺ ግላስጎው ስለሆንሽ ሚቸል ቤተ መጻሕፍት ሄደሽ መጠየቅም ትችያለሽ። የመንግሥት ምዝገባ የተጀመረው ጥር 1 ቀን 1855 ነው። ከእርሱ በፊት ያለው የየደብሩ መዝገብ ነው፤ በደጋው አካባቢ ብዙ ጉድለት አለበት።

አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ጀማሪዎች ሁሉ ልደት ሲፈልጉ ይውላሉ፣ የስኮትላንድ ምስጢር ያለው ግን በሞት መዝገብ ውስጥ ነው። ከ1855 ጀምሮ የሟቹ አባትና እናት፣ እናትየዋ ከነአባቷ ቤት ስም፣ በሞት መዝገብ ላይ ይጻፋሉ። በ1860 አካባቢ ሰማንያ ዓመት ሞልቶት የሞተ ሰው ካገኘሽ ወላጆቹ የተጋቡት በ1770ዎቹ አካባቢ ሳይሆን አይቀርም፤ እገዳው በተሻረበት ዘመን ማለት ነው። በአንድ ወረቀት እዚያ ድረስ ትደርሻለሽ። በተለይ በ1855 የተመዘገበ የቤተሰቡ ልደት ወይም ሞት ከተገኘ ዕድለኛ ናችሁ፤ በዚያ ዓመት ብቻ በልደት መዝገብ የወላጆቹን የትውልድ ቦታና የወንድም እኅት ቁጥር፣ በሞት መዝገብ ደግሞ የሟቹን የትውልድ ቦታና የልጆቹን ስም ሳይቀር ይጠይቁ ነበር። ለጸሐፊዎቹ ከባድ ስለሆነ በሚቀጥለው ዓመት ተቀነሰ።

መልስ
የማርቆሱ ልጅ (ዋሽንግተን)

ክፉ አትበይኝና፣ የሰው አገር የዘር ሐረግ ለመቁጠር ይህን ያህል መድከም ለምን? ልጆችሽ የአንቺን ወገን ሰባት ቤት ያውቃሉ? እርሱን አስቀድሚ። ደግሞ እነዚህ ማኅበራት ገንዘብ ሰብስበው ቀሚስ ለብሰው ከመጨፈር በቀር ምን ይሠራሉ?

እመ ልጆች

ወንድሜ፣ የእኔን ወገን እስከ ሰባተኛው ድረስ በቃላቸው ይወጡታል፤ እናቴ ጎንደር ሆና በስልክ ታስጠናቸዋለች። የአባታቸው ወገን ነው አራተኛው ላይ የሚቆመው። እርሱም አባታቸው ነው።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመቃብሩ ነገር ከበደኝ ነበር፤ አሁን ቀለለኝ። የሞት መዝገቡን እፈልጋለሁ። እስከዚያው ስለ ዲኤንኤ የሚያውቅ ካለ ንገሩኝ። አማቼ «ምራቄን ልላክና ይለይ» እያሉ ነው።

መልስ
ባለ ላቦራቶሪዋ (ቶሮንቶ)

ምራቅ ሁሉ አንድ አይደለም። በየበዓሉ በቅናሽ የሚሸጠው የተለመደው ምርመራ ከአባትም ከእናትም የመጣውን ስለሚቀላቅል ለቅርብ ዘመድ ነው የሚጠቅመው። ለ1603 ጉዳይ ምንም አይነግራችሁም። የምትፈልጉት የዋይ ክሮሞዞም ምርመራ ነው። እርሱ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ሳይቀላቀል ስለሚወርድ የቤተሰብ ስም በሚሄድበት መንገድ ይሄዳል። ስሙ ቢቀየርም ክሮሞዞሙ አይቀየርም፤ ለታገደ ስም የሚመቸውም በዚህ ምክንያት ነው። ፋሚሊ ትሪ ዲኤንኤ በተባለው ድርጅት ውስጥ በየቤተሰብ ስሙ የተደራጁ የጥናት ቡድኖች አሉ፤ ማክግሪጎሮችም የራሳቸው አላቸው። በሌላ ስም የሚጠሩ ወንዶች እዚያ ገብተው ውጤታቸው ከማክግሪጎሮቹ ጋር የገጠመበት ጊዜ አለ።

ምርመራው ከ100 ዶላር በላይ ያወጣል፤ በሚያዝያና በኅዳር ብዙ ጊዜ ቅናሽ ይደረጋል። የሚሰጡት አማትሽ ራሳቸው ይሁኑ፤ ልጅሽን አታስመርምሪ። ልጁ የያዘው ያንኑ የእርሳቸውን ነው፤ ለአቅመ ፈቃድም አልደረሰም።

ሁለት ነገር አስቀድማችሁ በቤት ተነጋገሩበት። አንደኛ፣ ውጤቱ ከማክግሪጎርም ከድሩመንድም ጋር ላይገጥም ይችላል። በመሃል የማደጎ ልጅ ወይም ያልተነገረ አባት ካለ ይወጣል፤ ያንን ለመስማት ያልተዘጋጀ ሽማግሌ ባይመረመር ይሻለዋል። ሁለተኛ፣ የዘር መረጃ አንዴ ከወጣ አይሰበሰብም። በ2023 ትዌንቲስሪ ኤንድ ሚ ከተባለው ድርጅት ወደ 6.9 ሚሊዮን የሚጠጉ ደንበኞች መረጃ መሾለኩን አስታውሱ። የልጆቹን ስምና የልደት ቀን በማንኛውም የቤተሰብ ዛፍ ላይ አትጫኚ።

መልስ
የስኮቱ ሙሽራ (አበርዲን)

እኔም እንዳንቺ የስኮትላንድ ሰው ያገባሁ ነኝና ስለ ማኅበሩ ኑሮ ላውጋሽ። የማክግሪጎሮቹ ማኅበር የተመሠረተው በ1822 ነው፤ ከጎሳ ማኅበራት ሁሉ ከቀደሙት አንዱ ነው። አሜሪካ ውስጥም ከ1909 ጀምሮ የራሳቸው አላቸው። አማትሽ እዚሁ ስላሉ የስኮትላንዱን ይያዙ። ቅጹን ከመሙላትሽ በፊት ለአባልነት ጸሐፊው አጭር ደብዳቤ ጻፊ፤ ያላችሁን ማስረጃ ዘርዝሪ፤ የአፍ ታሪኩንም አስገቢ፣ ግን የአፍ ታሪክ መሆኑን ግለጪ። ስም በመለወጥ የኖረ ጎሳ ማኅበር ድሩመንድ የሚል ማመልከቻ ሲደርሰው አይደነግጥም። እኔ ያለሁበት የባለቤቴ ጎሳ ማኅበር ስሙን የያዘውን ብቻ ሳይሆን በእናት በኩል የሚወለደውንና በጋብቻ የገባውንም ይቀበላል፤ የእነርሱ ደንብ እንዴት እንደሆነ በዚያው ደብዳቤ ጠይቂ።

ክፍያው ምን ያመጣል ላልሽው (አላልሽም፣ ግን ሁሉም ይጠይቃል) ከጋዜጣና ከዓመታዊ ስብሰባ ይልቅ የሚጠቅመው ሰው ነው። አርባ ዓመት ሙሉ አንድ ደብር ሲያጠኑ የኖሩ ጡረተኞች አሉ፤ ሻይ እየጠጡ የሚነግሩሽን በየትኛውም ድረ ገጽ አታገኚውም። ጥቁር ሴት ሆኜ ስገባ መጀመሪያ ዞር ብለው ያዩኝ ነበር። የዘር ሐረግ መቁጠር ከየት እንደ ለመድኩ ሳጫውታቸው ግን ስለ እኛ አገር ጥያቄ አላቆም አሉ።

ከማኅበሩ ሌላ የነጠላ ስም ጥናት የሚባል አለ፤ አይምታታብሽ። በ1979 የተቋቋመው ጊልድ ኦፍ ዋን ኔም ስተዲስ አባላቱ እያንዳንዳቸው አንድ ስም ይዘው በዓለም ላይ ያለውን የዚያን ስም ባለቤት ሁሉ ይመዘግባሉ። አንድ ስም ያስመዘገበ አባል ስለዚያ ስም የሚመጣለትን ጥያቄ የመመለስ ግዴታ አለበት፤ ለመጠየቅ አባል መሆን አያስፈልግሽም። በመቃብሩ ላይ ያለው የሴትየዋ ስም ብርቅ ከሆነ እዚያ ፈልጊው።

መልስ
ዕቃ አትግዙ (ለንደን)

አጭር ማስጠንቀቂያ። «የቤተሰባችሁ አርማ» ብለው በፍሬም የሚሸጡላችሁን አትግዙ። በስኮትላንድ ሕግ አርማ የአንድ ሰው እንጂ የስም አይደለም፤ ይህን የሚቆጣጠር ሎርድ ላየን የሚባል ሹም ከነፍርድ ቤቱ ኤድንበራ ተቀምጧል። ተራው የጎሳ አባል የሚያደርገው የአለቃውን ምልክት በቀበቶና በዘለበት ተከቦ ነው። አንድ ክንድ መሬት ገዝቶ «ጌታ» ተብሎ መጠራትም እንዲሁ ከንቱ ነው። የቱሪስት ሱቆች የሚሰቅሉትን፣ ስሞችን ለየጎሳው የሚያከፋፍለውንም ዝርዝር እንደ ማስረጃ አትያዙት፤ ስማቸው ያልተገኘ ደንበኞች ባዶ እጃቸውን እንዳይወጡ የተዘረጋ ዝርዝር ነው።

እመ ልጆች

ተመለስኩ። መቃብሩ ላይ ያሉትን ሰውዬ የሞት መዝገብ አገኘሁት። በ1862 በ84 ዓመታቸው ክሪፍ ላይ አርፈዋል። አባታቸው ድሩመንድ ተብለዋል። እናታቸው ግን ማክግሪጎር! የአባቷ ቤት ስም ማክግሪጎር ተብሎ ተጽፏል። ለአማቼ ሳነብላቸው «አላልኩም?» ብለው ተነሡ። እኔ ግን ተጠራጠርኩ። እርሳቸው የሚሉት በአባት ነበር፤ ይህ በእናት ነው። ምርመራውን እንዘዝ ወይስ ይቅር?

መልስ
ባለ ላቦራቶሪዋ

እንኳን ሳታዝዙ ጠየቅሽ። ማክግሪጎርነቱ የመጣው በእኚህ ሴት ብቻ ከሆነ የዋይ ምርመራው አያሳየውም፤ የሚያሳየው የድሩመንዱን የአባት መስመር ብቻ ነው። ገንዘቡን ያዙት።

መልስ
የመዝገብ ቤቱ ሰው

ግሩም ነው። እንዲህ ያለውን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ የአያት ሚስት ታሪክ ሁለት ሦስት ትውልድ ሲያልፍ የአያት ታሪክ ይሆናል። አማትሽ የሰሙት ውሸት አልነበረም፤ ወገኑ ነው የተለወጠው። በእርግጥ ባልየውም ስሙን የሸሸገ ማክግሪጎር ሊሆን ይችላል፤ በአንድ ጎሳ ውስጥ መጋባት ነበርና ይህ መዝገብ ያንን አያስቀረውም። ደግሞም ወረቀቱ ላይ ስሙን የነገረው ማን እንደሆነ ተመልከቺ፤ ልጅ ከሆነ እምነት የሚጣልበት ነው፣ ጎረቤት ከሆነ ተጠንቀቂ።

ቀጥለሽ የሁለቱን ጋብቻ በደብር መዝገብ ፈልጊ፤ ከ1778 ወደ ኋላ አሥር ዓመት ያህል፣ በክሪፍና በአጎራባች ደብሮች። ካህኑ ባልየውን «ማክግሪጎር ወይም ድሩመንድ» ብሎ በሁለት ስም ጽፎት ከተገኘ የዚያን ጊዜ ምርመራው ዋጋ አለው። የልጆቹንም ስም እይ፤ በስኮቶች ልማድ የመጀመሪያው ወንድ ልጅ በአባት አባት፣ ሁለተኛው በእናት አባት ይሰየማል። ሁልጊዜ አይጠብቁትም፤ ቢሆንም ፍንጭ ይሰጣል።

የማርቆሱ ልጅ

እህቴ፣ የፊተኛውን ንግግሬን እርሺው። በእኛ አገር ርስት በእናትም በአባትም ተቆጥሮ ይጠየቅ አልነበረም ወይ? የጎጃም ገበሬ የሴት አያቱን ወገን ይዞ ስንት ዓመት ተሟግቷል። አማትሽ በእናት ገቡ ብሎ የሚያንቋሽሻቸው ካለ ወደ እኔ ላኪው። ለመሆኑ ማኅበሩ መልስ ሰጠ?

እመ ልጆች

ደብዳቤውን ትናንት ላክሁ፤ የሞት መዝገቡን ቅጂ አያይዤ፣ «በእናት በኩል» ብዬ ጽፌ። አማቼ «በእናት» የሚለውን ሰርዢልኝ ብለውኝ ነበር። አልሰረዝኩም።