መሬቱ የእኛ፣ ድኩላው የማን?

የፈጠም ዳር ልጅ፦
ጤና ይስጥልኝ የሀገሬ ልጆች። የማስተምረው ደብረ ማርቆስ ነው፤ የአባቴ መሬት ግን ቡሬ ዙሪያ፣ ፈጠም ወንዝ ዳር። እናቴ በእኩል ሰጥታ በቆሎ ታዘራበታለች። ከማሳው ግርጌ ጥሻ ስላለ ድኩላና ሚዳቋ አይጠፋውም። አሳማውማ በቆሎው እሸት ሲሆን ሌሊት ገብቶ መሬቱን አርሶት ያድራል።

ባለፈው እሑድ ሦስት ሰዎች ከከተማ በባጃጅ መጥተው «እማማ፣ አሳማውን እንግደልልዎ?» ይሏታል። እሷም መርቃ፣ ጠላ አጠጥታ ወደ ማሳው ሸኘቻቸው። እነሱ የተኮሱት ግን ድኩላ ላይ ነው፤ ያውም በጠራራ ፀሐይ። (አሳማ በቀን የት ይገኛል?) አንዷ ጥይት ወንዙን ተሻግራ የጎረቤታችንን ፈረስ ታፋ መታች። ሰዎቹ ሥጋቸውን ጭነው ሄዱ። ጎረቤታችን ካሳ የሚጠይቀው እናቴን ነው፤ «በመሬትሽ፣ በፈቃድሽ» እያለ። ሽማግሌ ለቅዳሜ ተቀጥሯል። የይዞታ ደብተሩ በእጃችን ነው፤ ለመሆኑ እናቴ መፍቀድ ትችል ነበር? ዕዳውስ የማን ነው?

ሕግ አንባቢ፦
ወንድሜ፣ ደብተሩ የማረስና የመጠቀም መብት ነው የሚሰጣችሁ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬቱም የተፈጥሮ ሀብቱም የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ድኩላው ጥሻችሁ ውስጥ ስላደረ የእናንተ አይሆንም። የዱር እንስሳት ሕጉ ደግሞ ያለ መንግሥት ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። እናትህ «ግቡ» ቢሉ ማሳቸውን አስረገጡ እንጂ አደን አልፈቀዱም፤ ሥልጣኑም የላቸው። ለፈረሱ የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ በጥፋቱ ጉዳት ያደረሰ ይካስ ይላል። ያጠፋው ተኳሹ ነው። ጠመንጃውም በአዋጅ 1177/2012 መሠረት ፈቃድ እንዳለው ይጠየቅለት።

ሽበቱ፣ ከወምበርማ፦
ልጄ፣ እኔ በጉብዝናዬ ምንሽር ተሸክሜ ዓባይ በረሃ የወረድኩ ሰው ነኝ፤ ጻድቅ ነኝ አልልህም። ግን ያኔም ቢሆን ወንዝ አሻግሮ የሚተኩስ ሰው ሁለተኛ አደን አይጠራም ነበር። አውሬው ከኋላው ገደል ወይ ጉብታ ከሌለው ቃታ አይሳብም፤ ጥይት ድኩላውን ስታ የት እንደምታርፍ ማን ያውቃል? ማሳ ሲገባም ባለማሳው እሺ ስላለ ብቻ አይበቃም። ኩታ ገጠሙ ሁሉ ይነገረዋል፣ ከብቱን ይሰበስባል፣ እረኞች ይጠራሉ። እነዚህ ማዶውን ጠይቀዋል? አልጠየቁም።

ለቅዳሜ አንድ ነገር ልንገርህ። እናትህ ጠላ አጠጣች፣ ሥጋ ግን አልደረሳትም። «ከሥጋው ያልተካፈለ ከካሳው አይካፈልም» ብለህ ሽማግሌ ፊት ቁም። የባጃጁን ልጅ ፈልግና ተኳሾቹን ያውጣ።

ለአሳማው ማማ ሥሩ፤ ውሻ አስቀምጡ፣ ከጎረቤት ጋር በወረፋ ቆርቆሮ እየመታችሁ እሸቱን አሳልፉ። ጉድጓድ ቆፍር የሚልህን አትስማ። እኔ ያስቆፈርኩት ጉድጓድ አንድም አሳማ ሳይዝ የራሴን ጥጃ በላብኝ።

አዴት፦
በዚህ ጊዜ ተኩስ ተሰምቶ «ድኩላ ነው» ቢባል ማን ያምናል? እናንተ በፈረስ አለፋችሁ። እኛ ጋ ቢሆን መንደሩ በሙሉ ጥሻ ገብቶ ነበር የሚያድረው።

የፈጠም ዳር ልጅ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሽበቱን ምክር ለእናቴ በስልክ ነገርኳት። ዝም አለች። «ምነው?» ብላት «አንድ ወርች ትተውልኝ ነበር» አትለኝም! ግማሹን ቋንጣ አድርጋዋለች። አባባ፣ አሁን ምን ይሻላል?

ሽበቱ፣ ከወምበርማ፦
ኧረ ጉድ! እንግዲያው የወርቹን ያህል ትካስ። ፈረሱን ግን ከሽምግልናው በፊት የእንስሳት ሐኪም ይየው፤ የጥይት ቁስል ቅዳሜን አይጠብቅም።