ልጆቼን ቤት ላስተምር አስቤያለሁ፤ ሰው የት አገኛለሁ? ሳሙናውስ?

የአሌክሳንድሪያ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ከቨርጂኒያ። ሁለት ልጆች አሉኝ፣ የ6 ዓመት ሴትና የ9 ዓመት ወንድ። ባለቤቴ የሚነዳው ማታ ማታ ነው። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እሱ ይወጣል፣ እሱ ሲገባ እነሱ ተኝተዋል። አባትና ልጅ በሳምንት አንዴ እንኳን በቅጡ አይተያዩም። ስለዚህ ቤት ላስተምራቸው እያሰብኩ ነው። አክስቴ ይህን ስትሰማ "ለልጆች ትምህርት ብለን አሜሪካ መጥተን፣ ጭራሽ ልጅ ከትምህርት ቤት ይወጣል?" ብላ አኮረፈችኝ። ሕጉ ምን ይላል? እዚህ አፓርታማ ውስጥ ከልጆች ጋር ተዘግቼ እንዳልቀርስ ሰው የት አገኛለሁ? ደግሞ ሆምስኩል የሚያደርጉ ቤተሰቦች ሳሙናውንም ኦሞውንም ራሳቸው ይሠራሉ ሲባል እሰማለሁ። እውነት ወጪ ይቀንሳል?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
እህቴ፣ እኛ መጀመሪያ ቨርጂኒያ ነበርን፣ ኋላ ነው ሜሪላንድ የገባነው። የሁለቱንም ወረቀት አውቀዋለሁ። ሰው ሁሉ የሚፈራው ወረቀቱን ነው፣ ቀላሉ ግን እሱ ነው። ቶሎ ልለፈው።

ቤት ማስተማር በ50ዎቹም ግዛቶች ሕጋዊ ነው፣ አሠራሩ ግን በየግዛቱ ይለያያል። ቨርጂኒያ ውስጥ እስከ ኦገስት 15 ድረስ ለከተማሽ የትምህርት ቢሮ ኃላፊ "ቤት አስተምራለሁ" የሚል ማስታወቂያ ታስገቢያለሽ። የምታስተምሪያቸውን የትምህርት ዓይነቶች ትዘረዝሪያለሽ። አንቺ ቢያንስ ሁለተኛ ደረጃ መጨረስሽን የሚያሳይ ማስረጃም ታያይዣለሽ። ከአገር ቤት የመጣ ከሆነና የተጻፈው በእንግሊዝኛ ካልሆነ አስተርጉሚው። ዲፕሎማ የሌለውም ሌሎች መንገዶች አሉት፣ በሩ አልተዘጋም። በዓመቱ መሀል ከወሰንሽ ወዲያው ታሳውቂና የቀረውን በ30 ቀን ውስጥ ታሟያለሽ።

ከዚያ እስከሚቀጥለው ኦገስት 1 ድረስ ልጁ መማሩን የሚያሳይ ነገር ይጠየቃል። ወይ አገር አቀፍ ፈተና ይፈተናል፣ ስታናይን በሚሉት ከ1 እስከ 9 ባለው መለኪያ 4 ወይም ከዚያ በላይ ማምጣት አለበት። ወይ የመምህርነት ፈቃድ ያለው ወይም ማስተርስ ያለው ሰው ሥራውን አይቶ ደብዳቤ ይጽፍለታል። እኔ ደብዳቤውን እመርጣለሁ። በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ማስተርስ ያለው ሀበሻ ሞልቷል፣ ታክሲ የሚነዳውን ጨምሮ።

ሜሪላንድ ደግሞ የወላጅ ዲፕሎማ አይጠይቅም። ከመጀመርሽ 15 ቀን በፊት ፎርም ታስገቢያለሽ። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ማኅበራዊ ትምህርት፣ ሥዕል፣ ሙዚቃ፣ ጤናና ስፖርት ማስተማር ግዴታ ነው። በዓመት እስከ ሦስት ጊዜ የትምህርት ቢሮው ሰው የልጁን ደብተርና ሥራ ያያል። ዲሲ ለሚኖሩ፣ ከ2004 ጀምሮ የከተማው ሕግ መሥሪያ ቤቶች በአማርኛም እንዲያስተናግዱ ያስገድዳል። እንግሊዝኛ ቢከብዳችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ መብታችሁ ነው።

ወረቀቱ ይኸው ነው። አሁን ወደ ዋናው።

አንቺ "ሰው የት አገኛለሁ" ያልሽው ከሕጉ በኋላ ነው። እኔ ብሆን መጀመሪያ አደርገው ነበር። ሆምስኩል ጀምረው ያቆሙ የማውቃቸው ቤተሰቦች ያቆሙት ልጅ ሒሳብ አልገባው ብሎ አይደለም። እናትየዋ ቤት ውስጥ ነው ያለቀችው። ጠዋት አስተማሪ፣ ቀን ወጥ ሠሪ፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ የነርሲንግ ሆም ሺፍት። የምታወራው ትልቅ ሰው የለም፣ ባልም ማታ የነዳ ስለሆነ ጠዋት ተኝቷል። መጽሐፍ ከመግዛትሽ በፊት ሰው ፈልጊ የምለው ለዚህ ነው።

ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ፈረንጆቹ ኮ-ኦፕ የሚሉት ነገር በሽ ነው። ወላጆች ተሰባስበው እየተፈራረቁ ያስተምራሉ። ብዙዎቹ የፕሮቴስታንት ቤተሰቦች ያቋቋሟቸው ናቸው። አንዳንዶቹ ሲያስመዘግቡሽ የእምነት መግለጫ ያስፈርሙሻል። ኦርቶዶክስም ሁኚ ሙስሊም፣ ከመፈረምሽ በፊት አንብቢው። እምነት የማይጠይቁም አሉ፣ የሙስሊም ቤተሰቦች ስብስቦችም አሉ። ሰዎቹ ጥሩ ናቸው። ግን አንቺ ጾም ላይ ሆነሽ እነሱ ፒዛ ይዘው ሲመጡ ልጅሽ ምን እንደሚል አስቀድመሽ ተነጋገሪው።

እኛ ያዋጣን ግን ወንፈል ነው። የምናውቃቸውን ጥቂት ሀበሻ ቤተሰቦች ሰብስበን ተራ ገባን። አገር ቤት ፋርማሲስት የነበረችው ሳይንስ ያዘች። የባንክ ሠራተኛ የነበረው አባት ሒሳብ ያዘ። እኔ ንባብና ጽሕፈት። ሁሉም የሆምስኩል ቤተሰብ አልነበረም፣ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት የሚሄዱም ቅዳሜን ይመጡ ነበር። ገንዘብ የለም፣ ጉልበት በጉልበት ነው። የቡና ተራው ከትምህርቱ ተራ ጋር አንድ ላይ ስለሚሄድ እናቶቹም ሰው ሆነው ይመለሳሉ። ቡናውን ባልጠቅስ ደግሞ ውሸት ይሆንብኛል፣ ግማሾቹ የመጡት ለሱ ነው። (ዕጣን ስታጨሱ የጭሱ አላርም ሥር አትቀመጡ። የአፓርታማው ሕንፃ በሙሉ ወጥቶ ሜዳ ላይ ሲቆም አይቻለሁ።)

አማርኛውን ለአያት ስጪ። እማማ ለጥየቃ መጥተው ከሆነ ወርቅ ነው፣ አገር ቤት ካሉም በስልክ ይሆናል። የቄስ ትምህርት ቤት እንዴት እንደሚያስቆጥር እኛ ረስተነዋል፣ እሳቸው አልረሱትም። ልጄ ሀሁን የያዘው ከአያቱ ጋር በዜማ ነው። 33ቱን ፊደላት ከነሰባት ቤታቸው፣ ቀጥሎ አቡጊዳ። እኔ በካርድ ላስተምረው ስሞክር አልቅሶ ነበር።

ቀን ላይ ነፃ መሆን ደግሞ ሰው ያልተረዳው ጥቅም አለው። ዲሲ ያሉት የስሚዝሶኒያን ሙዚየሞች መግቢያቸው ነፃ ነው፣ ማክሰኞ ጠዋት የሚጋፋሽም የለም። የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየሙ የሰው ዘር አመጣጥ ክፍል አለው። የድንቅነሽ ወገኖች ፊታቸው ምን ይመስል እንደነበር እዚያ ይታያል። ልጅሽን እዚያ አቁመሽ "ይቺ የኛ ሰፈር ሰው ናት፣ በ1974 ሐዳር ተገኘች" ስትይው ታሪክ ከመጽሐፍ ወጥቶ ይቆማል። ገና ጃንዋሪ 7 ሲውልም ልጅ ለማስቀረት ለአስተማሪ ደብዳቤ መጻፍ የለም።

ስንት ሰዓት ታስተምሪያለሽ? ለ6 ዓመቷ ሁለት ሰዓት ይበቃታል፣ ለ9 ዓመቱ ሦስት። ትምህርት ቤት ሰባት ሰዓት የሚፈጀው ለሰልፉ፣ ለምሳውና ሃያ ልጅ ዝም ለማሰኘቱ ጭምር ነው። ባልሽ ቀትር ላይ ሲነቃ ልጆቹ ጨርሰዋል። የቀኑ ግማሽ የአባታቸው ነው።

የሳሙናውን ነገር ነገ እመለስበታለሁ፣ ሥራ ልገባ ነው።

አባት ከውድብሪጅ፦
እህቶቼ፣ ሁለታችሁም ጥሩ ብላችኋል፣ እኔ ግን ሌላውን ጎን ልንገራችሁ። እኛ ልጃችንን ትምህርት ቤት ነው ያቆየነው። ከአገር ቤት ሲመጣ እንግሊዝኛው ገና ነበር። ትምህርት ቤቱ በነፃ የቋንቋ አስተማሪ መደበለት። ቤት ቢሆን ይህ አይኖርም ነበር። የንግግር ሕክምና ወይም ልዩ ድጋፍ የሚያገኝ ልጅ ካለሽም ከማስወጣትሽ በፊት ምን እንደሚቀርበት በጽሑፍ ጠይቂ። ብዙ ጊዜ አብሮ ይቀራል። የትምህርት ቤቱ ምሳም ቁጥሩ ትንሽ አይደለም። ደግሞ አንድ ደሞዝ በዚህ ኪራይ? እስቲ ቁጭ ብላችሁ ደምሩት።

ከፍራንክፈርት፦
አውሮፓ ያላችሁ ይህን አንብባችሁ እንዳትነሳሱ። ጀርመን ውስጥ ልጅ ትምህርት ቤት መሄድ ግዴታው ነው፣ ቤት አስተምራለሁ ማለት አይቻልም። ገንዘብ ያስቀጣል፣ ሲከፋ ፍርድ ቤት የልጁን የማሳደግ መብት እስከመንካት ይደርሳል። የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤትም በ2019 በአንድ ቤተሰብ ጉዳይ ለጀርመን ነው የፈረደው። ስዊድን ያሉ ዘመዶቼም በ2010 ከወጣው የትምህርት ሕግ ወዲህ ያለ ልዩ ምክንያት አይፈቀድም ብለውኛል። እኛ ከሰዓት በኋላና ቅዳሜ አማርኛ እናስተምራለን፣ በዚህ ማንም አይጠይቀንም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
የውድብሪጁ ወንድሜ ልክ ነህ። እንግሊዝኛው ያልጠና ልጅ ካለ እኔም ቢያንስ አንድ ሁለት ዓመት ትምህርት ቤት ይቆይ እላለሁ።

ሳሙናው። በቀጥታ ልናገር፣ በገንዘብ ብዙም አታተርፊም። በትምህርት ታተርፊያለሽ።

ሰዎች ኮምጣጤና ቤኪንግ ሶዳ አንድ ጠርሙስ ውስጥ ጨምረው ሲፈላ አይተው "እንዴት ኃይለኛ ነው" ይላሉ። የሚፈላው ሁለቱ እየተጠፋፉ ነው። አንዱ አሲድ ነው፣ ሌላው ያንን አሲድ የሚገድል። ፊዙ ሲያልቅ የሚቀርሽ ጨዋማ ውሃ ቢጤ ነው። ለየብቻ ግን ሁለቱም ይሠራሉ። ሶዳው ድስትና ምድጃ ለመፈግፈግ፣ ኮምጣጤው ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ለማስለቀቅ። ኮምጣጤ እብነ በረድ ላይ አታፍስሺ፣ ድንጋዩን ይበላዋል፤ ግራናይት ላይም ሽፋኑን ሊያበላሽ ይችላል። የምጣድ ነገር እንኳ አይነሳ፣ እሱ የሚወደው ጎመን ዘር ነው።

በረኪና ላይ አልቀልድም። በረኪናን ከኮምጣጤ፣ ከሎሚ ወይም ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር መቀላቀል ክሎሪን የተባለ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። አሞኒያ ካለበት የመስታወት ማጽጃ ጋርም አይገናኝ። የኛ ሰው "ሁለቱ ሲደመሩ የበለጠ ያጸዳል" ብሎ መደባለቅ ይወዳል። ጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሳንባ ይጎዳል። ልጆችሽ ማጽጃ ሲሠሩ ካየሽ መጀመሪያ የምታስተምሪው ይህንን ነው።

የልብስ "ኦሞ" ቤት መሥራት የሚሉትን ተዪው። ጥፍጥፍ ሳሙና ተፈግፍጎ ከልብስ ማጠቢያ ሶዳና ከቦራክስ ጋር የሚደባለቀው ማለቴ ነው። ሳሙና ውሃ ውስጥ ካለው ካልሲየምና ማግኒዥየም ጋር ተያይዞ ዝቃጭ ይሆናል። ዝቃጩ ጨርቅ ውስጥ ይቀራል። ነጠላሽና ጋቢሽ ወራት ሳይቆይ አመድማ ይሆናል። የሱቁ ዱቄት ዲተርጀንት ነው፣ ሳሙና አይደለም። እንዲህ ዓይነት ውሃ እንዳያሸንፈው ተደርጎ ነው የተሠራው። ርካሹን ግዢና ነጠላሽን አድኚ።

ከ9 ዓመቱ ጋር ደረቅ ሳሙና መሥራት ግን እመክራለሁ፣ አንቺ እየያዝሽ እሱ እያየ። ዘይትና ኮስቲክ ሶዳ ነው (ቤኪንግ ሶዳው አይደለም፣ ቆዳ የሚያቃጥለው ነው)። መነጽርና ጓንት ግድ ነው። ሁልጊዜ ሶዳው ወደ ውሃው ነው የሚጨመረው፣ ውሃው ወደ ሶዳው ከሆነ ተፈናጥሮ ያቃጥላል። ልኬቱ በሚዛን እንጂ በኩባያ አይሆንም። ተቆርጦ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይደርቃል። ሒሳብ አለው፣ ኬሚስትሪ አለው፣ ትዕግሥት አለው። በጠጅ ሳር ጥሩ ሽታ ከሰጠሽው ደግሞ ለአክስትሽ ውሰጂላት፣ ኩርፊያው ይፈታ ይሆናል።

በዚያው የእንዶድን ታሪክ ንገሪው። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ አካባቢ የቢልሃርዚያ ቀንድ አውጣዎችን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ከዚያ ነው ምርምሩ የጀመረው። በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር አማራጭ ኖቤል የሚሉትን ሽልማት አገኙ። እናቶቻችን የሚያጥቡበት ነገር ሳይንስ መሆኑን ልጅ ሲሰማ ዓይኑ ይከፈታል። እንዶድ ሲዋጥ መርዝ ስለሆነ ግን ታሪኩን እንጂ ፍሬውን አታስመጪ።

የአሌክሳንድሪያ እናት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ልጁ ኋላ "ትምህርት ቤት ልመለስ" ቢልስ?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ይመለሳል፣ ሊከለክሉት አይችሉም። እስከ 8ኛ ክፍል ባለው ጊዜ ቀላል ነው፣ ክፍሉን የሚመድበው ትምህርት ቤቱ ነው። ከ9ኛ ጀምሮ ግን ክሬዲት የሚባል ነገር አለ። ቤት የተማረውን መቀበልና አለመቀበል በነሱ እጅ ስለሆነ አስቀድመሽ ጠይቂ። ለማንኛውም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድ ማኅደር ያዢ። የተጠቀማችሁባቸው መጻሕፍት ስም፣ የፈተናው ወረቀት፣ የገምጋሚው ደብዳቤ፣ የክትባት ካርድ። ለቢሮው የላክሽው ሁሉ ኮፒው አንቺ ጋ ይቅር፣ የተቀበሉበትን ኢሜልም አትሚና እዚያው ክተቺው።