ቶረንቱን ያወረደው ሌላ፣ ማስጠንቀቂያው የመጣው ለእኔ

ሁለተኛ ዓመት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ከዩኒቨርሲቲው አይቲ ክፍል ኢሜይል ደረሰኝ። የአንድ ፊልም ፋይል ስም፣ የአይፒ አድራሻ (ኢንተርኔት ላይ የተገናኘ መሣሪያ የሚታወቅበት ቁጥር)፣ ሰዓቱ እስከ ሰከንዱ ተጽፎበታል። የቅጂ መብት ጥሰት ነው ይላል፣ ኢንተርኔቴም ተዘግቷል። በቶረንት (ሰዎች ፋይል በቀጥታ እርስ በርስ በሚለዋወጡበት መንገድ) ያወረደው ግን የዶርሜ ልጅ ነው፤ ፓስወርዴን ሰጥቼው በእኔ አካውንት ነው የሚገባው። እሱ ደግሞ «አየሁት እንጂ ለማንም አልሰጠሁ፣ አልሸጥኩ፣ ምን አጠፋሁ?» ባይ ነው። ያ ሁሉ ተማሪ በሚጠቀምበት ኔትወርክ እንዴት እኔን ለይተው አገኙኝ? ከዚህ በኋላስ ቪፒኤን (ግንኙነትን በሌላ ሰርቨር አዙሮ አድራሻን የሚደብቅ አገልግሎት) ይሻላል?

ሰርቨር ክፍል፦
መለየቱ ቀላል ነው። የባለመብቶቹ ወኪሎች እንደማንኛውም ሰው ቶረንቱ ውስጥ ይገቡና ፋይሉን የሚለዋወጡትን አይፒዎች ይመዘግባሉ። ከዚያ አይፒውንና ሰዓቱን ለግቢው ይልካሉ። ግቢው ደግሞ የትኛው አድራሻ በስንት ሰዓት ለየትኛው መሣሪያ እንደተሰጠ፣ በማን አካውንት እንደተገባ ሎግ (የአጠቃቀም መዝገብ) ላይ አለው። ሁለቱን ሲያስተያዩ የሚወጣው ያንተ ስም ነው፣ ኪቦርዱ ላይ ማን እንደነበር ሎጉ አያውቅም። ቪፒኤን ከግቢው ይደብቅህ ይሆናል እንጂ ጥሰቱን ሕጋዊ አያደርገውም፤ ለአፍታ ሲቋረጥ ደግሞ ቶረንቱ በግቢው አይፒ ሊቀጥል ይችላል።

ሕግ ተማሪ፦
ልጁ «ለማንም አልሰጠሁም» ያለው ልክ አይደለም። ቶረንት ላይ ፋይሉ ተቆራርጦ ነው የሚመጣው፣ ፕሮግራሙም የደረሰውን ቁራጭ ገና ማውረዱ ሳያልቅ ለሌሎች መላክ ይጀምራል፣ ካልዘጉት ካለቀ በኋላም ይልካል። ያ ማሰራጨት ነው። አለመሸጡ አያድነውም። በአሜሪካ ሕግ ለምሳሌ፣ የተመዘገበ ሥራ ከሆነ ባለመብቱ ስንት እንደከሰረ ማስረዳት ሳያስፈልገው ለአንድ ሥራ ከ750 እስከ 30,000 ዶላር ሊፈረድለት ይችላል፣ ሆን ተብሎ ከተጣሰ እስከ 150,000።

ግቢ ውስጥ ብቻ ከተለዋወጥን ማን ያየናል የሚሉም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 የአሜሪካ የሙዚቃ ኩባንያዎች በግቢ ኔትወርክ ላይ የፋይል መፈለጊያ የከፈቱ አራት ተማሪዎችን ከሰሱ፤ አንዱ የፕሪንስተን ተማሪ ነበር። በስምምነት ሲያልቅ እያንዳንዳቸው ከ12,000 እስከ 17,500 ዶላር ለመክፈል ተስማሙ። ለተማሪ ይህ ቀልድ አይደለም።

ሁለተኛ ዓመት፦
ታዲያ አሳልፌ ልስጠው? ጓደኛዬ እኮ ነው።

ሰርቨር ክፍል፦
እሱ ራሱ ቢጽፍ ይሻላል፣ እምቢ ካለ ግን እውነቱን ተናገር። ዝም ካልክ ጥፋቱ ባንተ ስም ይመዘገባል፣ ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ1998ቱ የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ ደጋግሞ የሚጥስን ተጠቃሚ የማያቋርጥ የኢንተርኔት አቅራቢ ራሱ ከተጠያቂነት ጥበቃ ይወጣል፤ እዚያ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች የማይታገሱት ለዚህ ነው። ፓስወርድህን አሁኑኑ ቀይር።

መጽሐፍ ወዳድ፦
ቶረንት በራሱ ወንጀል እንዳይመስልህ። ሊኑክስን (በነፃ የሚሰጠውን የኮምፒውተር ስርዓተ ክወና) በቶረንት ብታወርድ ማንም አይነካህም፣ ባለቤቶቹ ራሳቸው ናቸው የሚያሰራጩት። ለመማሪያ መጽሐፍ ግን መጀመሪያ ላይብረሪውን ጠይቅ፤ ብዙ ጊዜ ዩኒቨርሲቲው ከፍሎበት በተማሪ አካውንት የሚከፈት ኢ-ቡክ አለ፣ ተማሪው ግን አያውቀውም።

ሁለተኛ ዓመት፦
ፓስወርዱን ቀይሬያለሁ። ልጁም ነገ አብሮኝ አይቲ ክፍል ሊሄድ ተስማምቷል። እግዜር ይስጥልኝ።