እናቴን አረጋውያን መኖሪያ ላስገባት ወይስ ቤት ላቆያት? ጥቅሙንና ጉዳቱን የምታውቁ ምከሩኝ

ጥያቄ፦ የበኩር ልጅ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 79 ዓመቷ ነው፤ ከአዲስ አበባ መጥታ ከእኔ ጋር መኖር ከጀመረች ሰባት ዓመት ሆኗታል። በመጋቢት መታጠቢያ ቤት ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። ቀዶ ጥገናው ተሳክቶ አሁን በምርኩዝ ትንቀሳቀሳለች፤ ነገር ግን እኔና ባለቤቴ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ሥራ ላይ ነን። ባለፈው ሳምንት ስመለስ የሽሮው ድስት አርሮ፣ ምድጃው እንደበራ፣ እሷ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወስዷት አገኘኋት።

ከቤታችን 25 ደቂቃ የሚርቅ አሲስትድ ሊቪንግ (አረጋውያን እየታገዙ የሚኖሩበት ቤት) ሄጄ አየሁ። ክፍሉ ንጹሕ ነው፤ የራሱ መታጠቢያ አለው፤ መድኃኒት በሰዓቱ ይሰጣሉ፤ የአትክልት ቦታውን በጣም ወደድኩት። ስለ ጾም ስጠይቅ ግን አስጎብኚዋ «ሰላጣ ሁልጊዜ አለ» አለችኝ። ዓቢይ ጾምን 55 ቀን ሙሉ በሰላጣ!

ዋጋው በወር 5,400 ዶላር ነው፤ እንክብካቤው ለብቻው ይታሰባል። እናቴ አዲስ አበባ የነበረውን ቤቷን ሸጣለች። ግማሹን ገንዘብ ለወንድሜ መስጠት ትፈልጋለች፤ በቀረው ይህንን እንከፍላለን፣ ሜዲኬርም (የመንግሥት የአረጋውያን ጤና መድን) ያግዘናል ብዬ ነበር። ወንድሜ «እናታችንን ለባዕድ ልትሰጪ ነው?» ብሎ ከተናገረኝ ወዲህ ስልኬን አያነሳም። ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ የሌሊት ተረኛ

እህቴ፣ በእንዲህ ዓይነት ቤት በረዳት ነርስነት 11 ዓመት ሠርቻለሁ፤ አብዛኛውን በሌሊት ፈረቃ። የእንግዳ መቀበያውን ሶፋና አበባ እርሺው። በምሠራበት ቤት ቀን አምስት ሆነን የምንይዘውን ፎቅ ሌሊት ሁለት ሆነን ነው የምንይዘው። ስለዚህ የምትጠይቂው ይህንን ነው፦ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት እናቴ ደወል ብትጎትት ማን ነው የሚመጣው? በስንት ደቂቃ?

ሳትነግሪያቸው እሑድ በእራት ሰዓት ሂጂ። መታጠቢያ ቤት ግቢና ከግድግዳው የሚወርደውን የደወል ገመድ እይ። ወለሉ ድረስ መውረድ አለበት። ብዙ ቦታ ለጽዳት ያስቸግራል ብለው የእጅ መያዣው ብረት ላይ ጠቅልለው ያስሩታል። ቆሞ ላለ ሰው ምንም አይደለም፤ ወድቆ ለተኛ ሰው ግን ገመዱ የለም ማለት ነው። የእናትሽ ጉዳይ ደግሞ መውደቅ ነው።

ጥቅሙን አልክድም። መድኃኒታቸውን የሚረሱ፣ ብቻቸውን ውለው የሚያመሹ ሰዎች እኛ ጋ ገብተው ሲያገግሙ አይቻለሁ። ቋንቋውን ግን አትናቂው። እዚህ አካባቢ ከረዳት ነርሶቹ ውስጥ ሐበሻ ብዙ ነው፤ በየትኛው ፈረቃ እንዳሉ ጠይቂ። የመርሳት ሕመም የያዛቸው ሰዎች በኋላ የተማሩት ቋንቋ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ነው የሚጠፋባቸው። በእንግሊዝኛ ዕድሜ ልካቸውን ያስተማሩ አባት ነበሩን፤ በመጨረሻ ውሃ ሲጠሙ «ውሃ» ብቻ ነበር የሚሉት፤ እኔ በሌለሁበት ሌሊት ብርድ ልብስ ይደርቡላቸው ነበር።

መልስ፦ ደረሰኝ ሰብሳቢ

ስለ ገንዘቡ እኔ ልናገር፤ አባቴን ሁለት ዓመት ተኩል ከፍዬላቸዋለሁ።

ሜዲኬር የአሲስትድ ሊቪንግ ኪራይና ምግብ አይከፍልም። አንድ ሳንቲም። የሚከፍለው ቢያንስ ሦስት ቀን ሆስፒታል በይፋ ተኝቶ ለወጣ ሰው፣ ማገገሚያ ነርሲንግ ሆም (የነርስ እንክብካቤ የሚሰጥበት ተቋም) ውስጥ እስከ 100 ቀን ነው፤ ያውም ከ20ኛው ቀን በኋላ በየቀኑ ድርሻሽን ትከፍያለሽ።

የቤቱን ግማሽ ለወንድምሽ ከመስጠታችሁ በፊት ደግሞ የአረጋውያን ጉዳይ ጠበቃ አማክሩ። ገንዘቡ አልቆ እናትሽ ለነርሲንግ ሆም ሜዲኬይድ (አቅም ለሌለው ሰው የሚከፍል የመንግሥት መድን) ቢያመለክቱ ወደ ኋላ አምስት ዓመት ተቆጥሮ ይታያል። በስጦታ የወጣ ገንዘብ ካለ ሜዲኬይድ የማይከፍልበት ጊዜ ይጣልባቸዋል። ወንድምሽ ያንን ጊዜ ይከፍል እንደሆነ አሁን ጠይቂው።

5,400 የመነሻ ዋጋ ነው። አባቴ ሲገቡ የእንክብካቤ ደረጃቸው ሁለተኛ ነበር። በዓመቱ «ልብስ ለመልበስ እገዛ ያስፈልጋቸዋል» ተብሎ አራተኛ ሆነ፤ ኪራዩም ጨመረ። ደረጃውን ማን እንደሚመዝን፣ በየስንት ጊዜ እንደሆነ፣ ካልተስማማሽ ለማን እንደምታመለክቺ በጽሑፍ ይስጡሽ። ውሉ ላይ «ኃላፊነት የሚወስድ ወገን» የሚል ቦታ ታገኛለሽ። የፌዴራል ሕግ ነርሲንግ ሆሞች ቤተሰብን በግል ዋስ ሁኑ ብለው እንዳያስገድዱ ይከለክላል፤ አሲስትድ ሊቪንግ ግን በዚያ ሕግ ሥር አይደለም። የምትፈርሚ ከሆነ በእናትሽ ወኪልነት እንደፈረምሽ አጠገቡ ጻፊ።

በሜዲኬር ድረ ገጽ ያለው የኮከብ ደረጃም ለነርሲንግ ሆም ነው፤ እዚያ አትፈልጊያቸው። ቨርጂኒያ ውስጥ አሲስትድ ሊቪንግ ፈቃድ የሚያገኘው ከክፍለ ግዛቱ የማኅበራዊ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ነው፤ የፍተሻ ሪፖርታቸው በነጻ ይነበባል። እኔ ያነበብኩት ከፈረምኩ በኋላ ነበር።

መልስ፦ እትዬ ከሦስተኛ ፎቅ

ልጄ፣ እኔ ራሴ 74 ዓመቴ ነው፤ መንግሥት በሚደጉመው የአረጋውያን ሕንፃ ውስጥ ነው የምኖረው። ከ62 ዓመት ጀምሮ ያስገባል፤ ኪራዩ ከገቢዬ 30 በመቶ ነው። አራት ዓመት ተራ ጠብቄያለሁ። ቁልፉ የራሴ ነው፤ ሽሮዬን የምሠራው ራሴ ነኝ፤ ፎቃችን ላይ አምስት ሐበሾች ነን።

ግን ነርስ የለም። ማታ ብወድቅ ጠዋት ጎረቤቴ ቡና ልትጠራኝ እስክትመጣ መጠበቅ ነው። እናትሽ ድስት እያረረባት ከሆነ የእኔ ቤት አይሆናትም።

በመጀመሪያው ዓመት ቡና ስቆላ የጭስ ማንቂያው ጮኸና ሕንፃው በሙሉ ወደ ደጅ ወጣ። ሁለት የእሳት አደጋ መኪና መጣ። ፈረንጆቹ በሌሊት ልብሳቸው ቆመው ሲያዩኝ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። አሁን ልጄ ቤት ቆልተን እናመጣለን፤ ዕጣኑን ትተነዋል። እንዲህ ያለውን አስቀድመሽ ጠይቂ፤ ለእናትሽ ከአትክልት ቦታው ይበልጥባታል።

ወንድምሽንም አትቀየሚው። አንድ ወር መጥቶ ያስታምማት በይው፤ አኩርፎ አይቀርም።

መልስ፦ አጎቱን አስታማሚ

እኔ አላስገባም ባይ ነኝ። አጎቴን ሰኞ እስከ ዓርብ የአረጋውያን ቀን መዋያ እንወስዳቸዋለን። መኪና ከቤት ይወስዳቸዋል፤ ነርስ አለ፤ ምሳ ይበላሉ፤ ካርታ ሲጫወቱ በአማርኛ ይሳደባሉ። በዋሽንግተን ዙሪያ ሐበሻ የሚበዛባቸው መዋያዎች አሉ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን ይመልሷቸዋል፤ ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ላለው ሰዓት እየከፈልን ሰው እናስቀምጣለን። ሌሊት አራቴ የሚነሣ ሰው ላለበት ቤት ይህ አይበቃም፤ ሚስቴን ጠይቋት።

የጠያቂዋ ምላሽ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እሑድ ሳልነግራቸው ሄድኩ። የደወሉ ገመድ ታስሮ ነበር፤ ያውም ሦስት ዙር። ረዳቷን ስጠራት ምንም ሳትከራከር ፈታችው፤ የቀጣዩንም ክፍል ሄዳ ፈታች። ይህ ደስ ይበለኝ ወይስ ያስፈራኝ አላውቅም። ሌሊት በፎቁ ሁለት ሰው እንዳለ ነገሩኝ፤ አንደኛዋ የጎንደር ልጅ ናት። የፍተሻ ሪፖርቱን አነበብኩ፤ ከመድኃኒት አሰጣጥ ጋር የተያያዘ አንድ ጥፋት አለበት፤ ተስተካክሏል ይላል፤ እንዴት እንደተስተካከለ በጽሑፍ ጠይቄያለሁ።

የቤቱን ገንዘብ ጠበቃ እስክናማክር አንነካውም። ለወንድሜ ይህንን ስጽፍለት መልስ ሰጠኝ፤ አጭር ነው፣ ግን ሰጠኝ።

ውል ሳልፈርም ለ30 ቀን በእንግድነት እንድትቆይ ተስማምተናል፤ ከፍልሰታ ጾም በኋላ ትገባለች። እናቴ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያላት፤ ጀበናዋን ይዛ መግባት ትችላለች ወይ ነው። ከሰል ክልክል ነው፤ ለኤሌክትሪክ ምድጃ ኃላፊዋ ጠይቄ እነግርሻለሁ ብላኛለች። እትዬ፣ እናንተ ፎቅ ላይ በምን ላይ ነው የምታፈሉት?

መልስ፦ እትዬ ከሦስተኛ ፎቅ

ክፍሉ ውስጥ ምድጃ ካልፈቀዱላት ጀበናውን ለጌጥ ታስቀምጠው፤ ቡናውን በፔርሙዝ አድርገሽ ጠዋት ጠዋት አድርሽላት። ስኒውን ግን የራሷን ትያዝ።